የኤአይ ኤጀንት መሣሪያዎችን መግለጫ መመዘን፦ ከንባብ እስከ ሙከራ የሚዘልቅ ዝርዝር መመሪያ

የኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም በቋንቋ ሞዴል እየተመራ ሥራ የሚያከናውን ፕሮግራም፣ የሚጠራውን መሣሪያ (ሥራውን የሚያስፈጽምበትን የኮድ ክፍል) ውስጣዊ ኮድ አያይም። ሞዴሉ ፊት የሚቀርበው የመሣሪያው ስም፣ በተራ ቋንቋ የተጻፈው መግለጫና የግብዓቶቹ ዝርዝር ከነዓይነታቸው ብቻ ነው፤ የትኛውን መሣሪያ መቼ እንደሚጠራና ምን እንደሚያስገባበት የሚወስነውም በእነዚሁ ላይ ተመሥርቶ ነው። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ሞዴሉ መሣሪያዎችን እንዲጠራ የሚያስችለውን ፈንክሽን ኮሊንግ የተባለ አሠራር ለፕሮግራመሮች ካቀረበ፣ አንትሮፒክም በኖቬምበር 2024 ኤምሲፒ በሚል ምሕጻር የሚታወቀውን፣ ኤጀንቶችን ከውጭ መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘውን ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ አንድ ኤጀንት ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን በርካታ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ይዞ መሥራቱ የተለመደ ሆኗል። መግለጫው ደካማ ከሆነ ኮዱ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ ኤጀንቱ የተሳሳተውን መሣሪያ ይጠራል፣ ወይም ትክክለኛውን መሣሪያ በተሳሳተ ግብዓት ይጠራል፤ ይባስ ብሎም መሳሳቱን ሳያውቅ ለተጠቃሚው «ተከናውኗል» ብሎ ይመልሳል።

በእኔ እምነት ጥሩ ሊባል የሚገባው መግለጫ ኤጀንቱ አንብቦት በትክክል የሠራበት ነው። ንባብ ግልጽ የሆኑ ጉድለቶችን በርካሽ ያወጣል፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን ሙከራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎችም በዚሁ ቅደም ተከተል የተዘጋጁ ናቸው።

ነገሩን በተጨባጭ ለመከታተል እንዲረዳ አንድ ምሳሌ እንይዛለን፦ አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ክሊኒክ፣ ከታካሚዎች ጋር በአማርኛ እየተነጋገረ ቀጠሮ የሚይዝ ኤጀንት። መሣሪያዎቹ «ታካሚ_ፈልግ»፣ «ክፍት_ሰዓት_አሳይ»፣ «የታካሚ_ቀጠሮዎች»፣ «ቀጠሮ_ያዝ»፣ «ቀጠሮ_አዛውር» እና «ቀጠሮ_ሰርዝ» ናቸው። ታዋቂ የሆኑት የሞዴል አቅራቢዎች የመሣሪያ ስም በላቲን ፊደላት እንዲጻፍ ያስገድዳሉ፤ እዚህ በግዕዝ ፊደል የተጻፉት ለንባብ እንዲመቹ ነው።

ደረጃ 1፦ ኮዱን ዘግቶ ማንበብ

በመጀመሪያ ወደ ሞዴሉ የሚላከውን የጄሶን (የመረጃ አጻጻፍ ቅርጽ) ጽሑፍ እንዳለ አውጥተው ያስቀምጡ። ብዙ ፍሬምወርኮች (ኤጀንት ለመሥራት የሚያግዙ ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) መግለጫውን በኮዱ ውስጥ ካለ ማብራሪያ በራሳቸው ስለሚቀዱት፣ ፕሮግራመሩ ጽፌዋለሁ ብሎ የሚያስበውና ሞዴሉ ዘንድ የሚደርሰው ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ የአንዱ ግብዓት ማብራሪያ ሳይላክ ሊቀር ይችላል። መመዘን ያለበት በትክክል የሚላከው ነው።

ከዚያ ጽሑፉን ሥርዓቱን ለማያውቅ ባልደረባ ከጥቂት የተጠቃሚ ጥያቄዎች ጋር ይስጡትና ለእያንዳንዱ ጥያቄ የትኛውን መሣሪያ፣ በምን ግብዓት እንደሚጠራ በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ይጠይቁት። መልስ አይስጡት፤ የሚጠይቅዎትን ብቻ ይመዝግቡ። ባልደረባዎ የሚያነሣው እያንዳንዱ ጥያቄ በመግለጫው ውስጥ ያለ ክፍተት ነው። ሰው ሲቸገር ይጠይቃል፤ ሞዴል ግን ብዙ ጊዜ ገምቶ ያልፋል። ለምሳሌ የሚከተለውን መግለጫ እንውሰድ፦

> ቀጠሮ_ያዝ፦ ቀጠሮ ለመያዝ ያገለግላል። ግብዓቶች፦ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት።

ይህ መግለጫ ውሸት የለበትም፤ ሆኖም ስሙ ከሚናገረው በላይ አንዳች ነገር አልጨመረም። «ስም» የታካሚው ነው ወይስ የሐኪሙ? «ቀን» በየትኛው የዘመን አቆጣጠር ነው? ሰዓቱስ? ታካሚው «ለጥር 5 ያዙልኝ» ቢልና ሞዴሉ ጥርን ከጃንዋሪ ጋር አንድ አድርጎ 2026-01-05 ብሎ ቢያስገባ፣ ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚውለው በጃንዋሪ 13 ስለሆነ ቀጠሮው በስምንት ቀን ቀድሞ ይያዛል። ሁለቱም የሥራ ቀናት በመሆናቸው ሥርዓቱ ምንም ስሕተት አያሳይም፤ ኤጀንቱም ሥራውን እንዳጠናቀቀ ይናገራል። በሰዓትም በኩል «ከቀኑ 8 ሰዓት» ማለት 14:00 ሆኖ ሳለ 08:00 ተብሎ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለ ድምፅ የሌለው ስሕተት በግልጽ ወድቆ መልእክት ከሚያሳየው ስሕተት እጅግ የከፋ ነው፤ ስለዚህ በምዘናው ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው እርሱ ነው።

ደረጃ 2፦ መግለጫው መመለስ ያለበትን መጠየቅ

አሁን እያንዳንዱን መግለጫ በሚከተሉት ጥያቄዎች ይፈትኑት፤ ለእያንዳንዱም «ይመልሳል»፣ «በከፊል ይመልሳል» ወይም «አይመልስም» ብለው ይመዝግቡ። መሣሪያው ምን ያደርጋል? መቼ ሊጠራ ይገባል? መቼ ሊጠራ አይገባም፣ በዚያን ጊዜስ የትኛው መሣሪያ ይተካዋል? እያንዳንዱ ግብዓት ምን ማለት ነው፣ በምን ቅርጽና በምን መለኪያ ይገባል? ምን ይመልሳል፣ ምንስ አይመልስም? በመጨረሻም፣ ሲጠራ የሚለውጠው ነገር አለ ወይ፣ ሁለት ጊዜ ቢጠራስ ምን ይሆናል?

በተግባር ብዙ መግለጫዎች የመጀመሪያውን ይመልሳሉ፤ ሦስተኛውና የመጨረሻው ግን በብዛት ይዘለላሉ። የአንትሮፒክ የተጠቃሚ መመሪያ ለአንድ መሣሪያ ቢያንስ ከሦስት እስከ አራት ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ፣ መሣሪያው ውስብስብ ከሆነም ከዚያ በላይ እንዲሆን ይመክራል። ቁጥሩ በራሱ ግብ ባይሆንም እነዚህን ጥያቄዎች ከዚያ ባነሰ ቦታ መመለስ እንደሚከብድ ያሳያል። ከላይ ያየነው መግለጫ ተሻሽሎ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

> ቀጠሮ_ያዝ፦ ቀድሞ ለተመዘገበ ታካሚ በአንድ ሐኪም ዘንድ አዲስ ቀጠሮ ይመዘግባል። ሰዓቱ ክፍት መሆኑ በ«ክፍት_ሰዓት_አሳይ» ከተረጋገጠና ታካሚው ቀኑንና ሰዓቱን ሰምቶ ከተስማማ በኋላ ብቻ ይጠራል። ያለን ቀጠሮ ወደ ሌላ ቀን ለመውሰድ አያገለግልም፤ ለዚያ «ቀጠሮ_አዛውር» አለ። በተጠራ ቁጥር አዲስ መዝገብ ይፈጥራል፣ ለታካሚውም ወዲያውኑ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል፤ ስለዚህ ምላሹ ከዘገየ ዳግመኛ ከመጥራት በፊት በ«የታካሚ_ቀጠሮዎች» ይረጋገጥ። የሚመልሰው የቀጠሮውን መለያ ቁጥር ነው፤ የክፍያ መረጃ አይመልስም።
>
> የታካሚ_መለያ፦ «ታካሚ_ፈልግ» የሚመልሰው ቁጥር፤ የታካሚው ስም አይደለም።
> የሐኪም_መለያ፦ «ክፍት_ሰዓት_አሳይ» የሚመልሰው ቁጥር።
> ቀን፦ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ቀን፤ ለምሳሌ ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. 2026-01-13 ተብሎ ይገባል።
> ሰዓት፦ በ24 ሰዓት አጻጻፍ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት፤ ታካሚው «ጠዋት ሦስት ሰዓት» ካለ 09:00 ነው። ሌሊት ይሁን ቀን ካልታወቀ ታካሚው ይጠየቅ።

የግብዓቶቹ ስም መለወጡንም ልብ ይበሉ። «ስም» የነበረው «የታካሚ_መለያ» ሲባል ግማሹ ማብራሪያ በስሙ ውስጥ ገብቷል። ሊመረጡ የሚችሉ እሴቶች ጥቂትና የታወቁ በሚሆኑበት ጊዜ፣ ለምሳሌ የክሊኒኩ ክፍሎች፣ በጽሑፍ ከመዘርዘር ይልቅ በጄሶን ስኪማ (የግብዓቶቹን ቅርጽ በሚደነግገው ክፍል) ውስጥ የተፈቀዱ እሴቶች ዝርዝር ሆነው ቢቀመጡ ይመረጣል፤ ብዙ አቅራቢዎችም ሞዴሉ ከስኪማው ፈጽሞ እንዳይወጣ የሚያስገድድ አማራጭ አላቸው።

ደረጃ 3፦ ከጎረቤቶቹ ጋር ማነጻጸር

መግለጫ ለብቻው አይመዘንም። ሞዴሉ ሁሉንም መሣሪያዎች በአንድነት ያያል፤ ስሕተትም በብዛት የሚፈጠረው ተመሳሳይ በሆኑ ሁለት መሣሪያዎች መካከል ነው። ስለዚህ ተቀራራቢ የሆኑትን ጥንድ ጥንድ አድርገው ያስቀምጡና ለእያንዳንዱ ጥንድ በአንደኛው ብቻ የሚፈጸም አንድ የተጠቃሚ ጥያቄ ይጻፉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማግኘት ካቃተዎት ሁለቱ መሣሪያዎች ምናልባት አንድ መሆን የነበረባቸው ናቸው። ጥያቄውን አግኝተው ልዩነቱ በመግለጫዎቹ ውስጥ ካልተጻፈ ደግሞ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር በእጅዎ አለ ማለት ነው። ልዩነቱ በሁለቱም መግለጫዎች ላይ ቢጻፍ ይሻላል።

በምሳሌያችን አደገኛው ጥንድ «ቀጠሮ_ያዝ» እና «ቀጠሮ_አዛውር» ነው። «ለሐሙስ የነበረው አልተመቸኝም፣ ለዓርብ ያዙልኝ» የሚል ታካሚ «ያዙልኝ» የሚለውን ቃል ቢጠቀምም የሚፈልገው ማዛወር ነው። መግለጫው ይህን ካልለየ ታካሚው ሁለት ቀጠሮ ይኖረዋል፤ የሐሙሱ ሰዓትም ለሌላ ሰው ሳይሰጥ ባዶውን ያልፋል።

የመሣሪያዎቹ ብዛትም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ኦፕንኤአይ በመመሪያው በአንድ ጊዜ ከ20 ያነሱ መሣሪያዎችን ማቅረብን እንደ መነሻ ይጠቁማል። ከዚያ በላይ ከሆኑ መግለጫዎቹን ከማሻሻል በፊት መሣሪያዎቹን መቀነስ ወይም እንደ አስፈላጊነታቸው ብቻ ማቅረብ ይቻል እንደሆነ ማየት ይገባል።

ደረጃ 4፦ ከኮዱ ጋር ማመሳከር

አሁን ኮዱን ይክፈቱ። በመግለጫው ላይ ያለውን እያንዳንዱን አረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ኪዳን ይውሰዱና መሣሪያውን በእጅ እየጠሩ እውነት መሆኑን ያረጋግጡ። «ውጤቱን ከአዲስ ወደ አሮጌ ይደረድራል» ካለ ይደረድራል ወይ? «ግዴታ አይደለም» የተባለው ግብዓት ሲቀር ምን ይከሰታል? ኮድ ተቀይሮ መግለጫው ሳይነካ መቅረቱ ዘወትር የሚያጋጥም ነው፤ በልበ ሙሉነት የተጻፈ የተሳሳተ መግለጫ ደግሞ ካልተጻፈው ይብሳል።

ኤምሲፒ መሣሪያዎች ንባብ ብቻ መሆናቸውን፣ የማጥፋት ውጤት ሊኖራቸው እንደሚችል፣ ተደጋግመው ቢጠሩ ተጨማሪ ለውጥ እንደማያመጡ የሚጠቁሙ ምልክቶች እንዲይዙ ይፈቅዳል። እነዚህም በዚሁ ደረጃ ይረጋገጣሉ። የፕሮቶኮሉ ሰነድ ራሱ ከማይታመን ሰርቨር (መሣሪያዎቹን ከሚያቀርበው ፕሮግራም) የመጡ ምልክቶች እንደ ማስረጃ እንዳይወሰዱ ያዝዛል።

ደረጃ 5፦ የሙከራ ጥያቄዎችን ማዘጋጀት

የምዘናው ልብ እዚህ ነው። ጥያቄዎቹ እውነተኛ ተጠቃሚዎች ከሚናገሩት፣ የግል መረጃቸው ተወግዶ፣ ቢወሰዱ ይመረጣል፤ ፕሮግራመር ተቀምጦ የሚፈጥራቸው ጥያቄዎች የመግለጫውን ቃላት መልሰው ስለሚጠቀሙ ፈተናውን ያቀሉታል። «ቀጠሮ ያዝልኝ» የሚለው ጥያቄ የሚፈትነው ነገር ጥቂት ነው። «እማማ ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ዶክተሩ ይኖራል?» የሚለው ግን ታካሚውን መለየትን፣ የሰንበት ቀን የሥራ ሰዓትን ማወቅንና ገና ቀጠሮ አለመያዝን በአንድ ላይ ይፈትናል።

ስብስቡ የሚከተሉትን ዓይነቶች መያዙን ያረጋግጡ፦

- በአንድ መሣሪያ የሚፈጸሙ ቀጥተኛ ጥያቄዎች፤
- በቅደም ተከተል ብዙ መሣሪያ የሚፈልጉ ጥያቄዎች፤
- በደረጃ 3 በተለዩት ጥንዶች መካከል የሚያምታቱ ጥያቄዎች፤
- መረጃ የጎደላቸውና ኤጀንቱ ተጠቃሚውን መልሶ መጠየቅ ያለበት ጥያቄዎች፤
- የትኛውም መሣሪያ የማይመለከታቸው ጥያቄዎች።

የመጨረሻው ዓይነት በተለይ ይረሳል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ተመራማሪዎች የሚያዘጋጁት የፈንክሽን ኮሊንግ የደረጃ ሰንጠረዥ፣ ሞዴሎች አግባብነት ያለው መሣሪያ ሳይኖር ከመጥራት መቆጠባቸውን ራሱን በቻለ ምድብ ይፈትናል። ታካሚው «ይህን ክኒን ከወተት ጋር ልውሰድ?» ብሎ ሲጠይቅ «ክፍት_ሰዓት_አሳይ»ን የሚጠራ ኤጀንት፣ መግለጫው ከሚገባው በላይ ሰፍቶ እንደተጻፈ ያመለክታል።

ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚሠራ ኤጀንት ከሆነ በሌላ ቋንቋ የተዘጋጁ የሙከራ ስብስቦች የማይነኳቸው ነገሮች መግባት አለባቸው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ» ብለው የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ «ታካሚ_ፈልግ» እነዚህን አንድ አድርጎ ይፈልግ እንደሆነ፣ ወይስ ኤጀንቱ በየተራ መሞከር እንዳለበት መግለጫው መናገር ይኖርበታል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ስላልሆነ፣ በሁለተኛው ስም ብቻ መፈለግ ወንድማማቾችንና እኅትማማቾችን፣ ከዚያም አልፎ ፈጽሞ የማይዛመዱ ሰዎችን ያመጣል። ስልክ ቁጥር በ09 ጀምሮም በ+251 ጀምሮም ይጻፋል። ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 ነው፤ 13ኛ ወርን የማያውቅ የቀን ግብዓት በዚህ ቀን የሚያደርገውን ማየት ያስፈልጋል።

ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚጠበቀውን ውጤት አስቀድመው ይጻፉ። የሚቻል ከሆነ የሚጻፈው የመሣሪያ ጥሪዎች ቅደም ተከተል ሳይሆን የመጨረሻው ሁኔታ ይሁን፦ በመዝገቡ ላይ በዚህ ታካሚ ስም፣ በዚህ ቀን አንድ ቀጠሮ ብቻ አለ። ኤጀንት ወደ ትክክለኛው ውጤት ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ሊደርስ ይችላል፤ መንገዱን ብቻ የሚመዝን ሙከራ ትክክለኛውን ሥራ ስሕተት ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲየራ በተባለ ኩባንያ የወጣው ታው-ቤንች የተባለ መመዘኛም የውይይቱን ውጤት የሚፈትሸው በመጨረሻው የመረጃ ቋት ሁኔታ ነው።

ደረጃ 6፦ ማስኬድና መቁጠር

ሙከራው በእውነተኛው መዝገብ ላይ አይካሄድ፤ ለየጥያቄው እንደ አዲስ የሚሞላ የሙከራ መዝገብ ያዘጋጁ። እያንዳንዱን ጥያቄ ከአንድ ጊዜ በላይ ያስኪዱ፤ ሞዴል ለአንድ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ስለማይሰጥ አንድ ጊዜ መሳካቱ ብዙ አይናገርም። አንድ ሥራ በእያንዳንዱ ሙከራ የመሳካት ዕድሉ 90 በመቶ ቢሆን፣ ስምንት ጊዜ ተደጋግሞ ስምንቱንም ጊዜ የመሳካት ዕድሉ ወደ 43 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቀጠሮ፣ ገንዘብ ወይም መድኃኒት ለሚነካ መሣሪያ መታየት ያለበት ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ትክክለኛው መሣሪያ መመረጡ፣ ግብዓቱ ትክክል መሆኑ፣ መጠየቅ በሚገባው ጊዜ መጠየቁ፣ የመጨረሻው ሁኔታ መድረሱ፣ አላስፈላጊ ጥሪዎች መብዛታቸውና የተፈጀው ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን ቆራርጦ የሚቆጥርበት አሃድ) ለየብቻ ይመዝገቡ። አንድ ድምር ነጥብ ብቻ ከያዙ ምን መታረም እንዳለበት አያውቁም።

መግለጫዎችን በሌላ ሞዴል ነጥብ እያሰጡ መመዘንም ይቻላል፤ መቶ መሣሪያ ላለው ሰው የመጀመሪያ ማጣሪያ ይሆነዋል። ዳኛ የሚሆኑ ሞዴሎች ግን ረዘም ላለ ጽሑፍ የማድላት ዝንባሌ እንዳላቸው የታወቀ ስለሆነ፣ የእነርሱን ነጥብ የሙከራ ውጤት ምትክ ማድረግ አይገባም።

ደረጃ 7፦ ሎጉን ማንበብ

ቁጥሮቹ የት እንደሚታመም ያሳያሉ፤ ምክንያቱ ያለው ግን በሎጉ፣ ማለትም የኤጀንቱ እርምጃ ሁሉ በሚመዘገብበት ጽሑፍ፣ ውስጥ ነው። የወደቁትን ሙከራዎች ሁሉ፣ ከተሳኩትም ጥቂቶቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡ፤ ኤጀንቱ የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳላገኘ ወይም በሌላ መንገድ እንደተረዳው ይጠይቁ። ከዚያ እያንዳንዱን ውድቀት በምክንያቱ ይመድቡት፦ መግለጫው ዝም ብሏል፣ መግለጫው ያሳስታል፣ ሁለት መሣሪያዎች ተደራርበዋል፣ መሣሪያው የመለሰው የስሕተት መልእክት ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት አይናገርም፣ ወይም ችግሩ ጭራሽ ከመግለጫው ውጭ ነው።

የመጨረሻው ምድብ ችላ መባል የለበትም። አንትሮፒክ ኤስደብሊውኢ-ቤንች ለተባለው የኮድ ፈተና ኤጀንት ሲሠራ፣ ሞዴሉ ከመነሻው ማኅደር ከወጣ በኋላ አንጻራዊ የፋይል አድራሻ ሲጠቀም ይሳሳት እንደነበር ጽፏል፤ መፍትሔውም መሣሪያው ሁልጊዜ ሙሉ አድራሻ ብቻ እንዲቀበል ማድረግ ሆነ። በምሳሌያችንም መሣሪያው ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ «ጥር 5 ቀን 2018፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 2026» ብሎ ቢመልስ፣ ኤጀንቱ ለታካሚው ያነብለታል፤ ታካሚውም ስሕተት ካለ ወዲያውኑ ያስተውለዋል። ረጅም ማስጠንቀቂያ ከመጻፍ ይልቅ ስሕተቱ እንዳይሆን አድርጎ መሣሪያውን መሥራት ሲቻል ያው ይመረጥ።

ደረጃ 8፦ ማረምና እንደገና መለካት

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ይለውጡ፣ ሙሉውን ስብስብ እንደገና ያስኪዱ፣ የተሻሻለውንም የተበላሸውንም ይመልከቱ። የአንዱ መሣሪያ መግለጫ ሲጎላ ከጎረቤቱ ሥራ መንጠቁ የተለመደ ነው። ከጥያቄዎቹ አንድ ክፍል በሚያርሙበት ጊዜ ሳይነኩ ለመጨረሻ ያቆዩት፤ አለበለዚያ መግለጫው ለፈተናው ብቻ የተሰፋ ይሆናል። የሙከራውን ጥያቄ ቃል በቃል በመግለጫው ውስጥ መክተትም እንዲሁ ነው።

ማሳጠርንም ይሞክሩ። መግለጫዎቹ በእያንዳንዱ ጥያቄ አብረው ስለሚላኩ ርዝመታቸው ወጪ ነው፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ደግሞ በአብዛኞቹ ሞዴሎች ዘንድ ተመሳሳይ ሐሳብ ከያዘ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይልቅ ብዙ ቶክን ይፈጃል። ስለዚህ የመግለጫውን ዋና ክፍል በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ተጠቃሚዎች የሚናገሯቸውን አገላለጾች፣ እንደ «ጠዋት ሦስት ሰዓት» እና «ጥር 5» ያሉትን፣ በአማርኛ በምሳሌነት ማስገባት ተገቢ መነሻ ይመስለኛል። ሆኖም ሁለቱንም ዓይነት በራስዎ የሙከራ ስብስብ አስኪደው ይወስኑ። አንድ ዓረፍተ ነገር ተሰርዞ ውጤቱ ካልተለወጠ ይቅር፤ ሊቀለበስ የማይችል ለውጥን፣ ለምሳሌ የማይመለስ ስረዛን፣ የሚመለከት ማስጠንቀቂያ ከሆነ ግን በቁጥር ባይታይም ይቆይ። ሞዴሉ በተቀየረ ቁጥርም ይኸው ስብስብ እንደገና ይሂድ፤ ለአንዱ የበቃ መግለጫ ለሌላው ላይበቃ ይችላል።

ደረጃ 9፦ የሌሎች ሰዎች መሣሪያ ከሆነ

ከውጭ ሰርቨር የሚመጣ መግለጫ በቀጥታ ወደ ሞዴሉ አእምሮ የሚገባ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ከጥራቱ በፊት ደኅንነቱ ይፈተሻል። ኢንቫሪያንት ላብስ የተባለ የደኅንነት ቡድን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 እንዳሳየው፣ ተራ የሚመስል መሣሪያ በመግለጫው ውስጥ ለተጠቃሚው የማይታይ ትዕዛዝ ሊደብቅና ኤጀንቱ የግል ፋይሎችን አንብቦ በግብዓት መልክ እንዲልክ ሊያደርገው ይችላል። መግለጫው ከመሣሪያው ሥራ ጋር የማይገናኝ ነገር የሚያዝ ከሆነ፣ ሌሎች መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩ የሚደነግግ ከሆነ፣ ወይም ለተጠቃሚው እንዳይነገር የሚል ቃል ካለበት መሣሪያው አይገናኝ።

አንድ ጊዜ መመርመሩም አይበቃም፤ ሰርቨሩ ከጸደቀ በኋላ መግለጫውን ሊለውጥ ይችላል። የጸደቀውን የመግለጫ ጽሑፍ ሙሉ ቅጂ ከኮድዎ ጋር ያስቀምጡ፣ ኤጀንቱ በተነሣ ቁጥር ከሰርቨሩ የመጣውን ከዚያ ቅጂ ጋር በፕሮግራም ያነጻጽሩ፣ የአንድ ፊደል ልዩነት እንኳ ከተገኘ ሰው አንብቦ እስኪያጸድቀው ድረስ መሣሪያው እንዲታገድ ያድርጉ። ሲጸድቅም ከደረጃ 5 ጀምሮ ያሉት ሙከራዎች በአዲሱ ጽሑፍ ላይ ይደገሙ።